ስልባቦት የሌለው ወተት

ዛሬ ጠዋት ወተት የሚሸጡልንን አዴ ጫልቱን ደንበኞቻቸው ፊት "ውሃ ቀላቅለውበታል!" አልኳቸው።

ወተቱ ሲፈላ ስልባቦት ከጠፋበት ሰንብቷል፤ እኔም ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

አልተቆጡም። እጄን ይዘው በረት አስገቡኝ። ላሚቱ ፊት ያለው ፉርሽካ ብቻ ነው።

"ድርቆሹም ጭዱም ጠፋ ልጄ። ላም ጭድ ካላገኘች ወተቷ ቅባት አይኖረውም" አሉኝ።

አዳማ ላይ፣ ውሃ ከጠፋ ሳምንት በሞላው ሰፈር፣ ሴትዮዋን ውሃ ጨመሩ ብዬ መክሰሴ! ከየት አምጥተው?

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ምንም አይደል" ብለው እንደወትሮው ምርቃት ሊጨምሩልኝ ይዘውኝ ወጡ።

ተሰልፈው የነበሩት ደንበኞች በሙሉ ባዶ ጆጋቸውን ይዘው ሄደዋል።

አዴ ጫልቱ በሩን ትንሽ አይተው፣ ወተቱን ከደኑት።

በአፋችሁ የሰው እንጀራ ዘግታችሁ የምታውቁ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ እንዴት ነው የሚከፈተው?