የሰኞ ፋሻ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ለታ ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ የምታለቅስበትን ጊዜ ሁሉ ጫማዬን ስትጠራርግ ጨረሰችው። ጣሊያን ሐኪም ቤታችንን ከያዘ በኋላ እኛን ሐበሾቹን አስታማሚዎች አንድ ጠዋት በር ላይ አሰልፎ "ባስታ" አለን፤ በቃችሁ ማለቱ ነው። ቁስል ማጠብና ማሰር የተማረ እጅ ይዤ ቤት ልቀመጥ? እኔን የምታውቁ ታውቁኛላችሁ፣ አልችልም። እናቴ ከአባይ ማዶ የይጁቤ ሰው ናትና "እዚያ ዘመድ አለሽ፣ ሂጂ" አለችኝ። ከነጋዴዎች ጋር ወጣሁ።

አባይ ከመውረዳችን በፊት ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ ሳጥኔን ከፍቶ ረዥሙን የቁስል ጉጠት አወጣ። አስተርጓሚው የኛው ሰው ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ቅንድብ መንቀያ።"

"የማን ቅንድብ? የዝሆን?"

"አክስቴ ፀጉራም ናት።"

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ለወታደሩ የሆነ ነገር ነገረው፤ ወታደሩ ከት ብሎ ሳቀና በእጁ እለፊ አለኝ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ብቻ የሌለችኝን አክስቴን እንዳዋረዳት እርግጠኛ ነኝ። ወንዙን ስንሻገር ነጋዴዎቹ ያስቀመጡኝ በቅሎ ተንሸራታ ውሃ ውስጥ ከተተችኝ። እኔ ደረቅሁ፣ የእጅ ሰዓቴ ግን እንደቆመች ቀረች።

የተቀበሉኝ የእናቴ ዘመድ የኔታ ይባላሉ፤ ዲማ ተምረው አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ጎጆዬን ሲያሳዩኝ "ግድግዳው ትንሽ ነፋስ ያስገባል፣ ግን ከጮቄ ተራራ በኩል ሲነፍስ ብቻ ነው" አሉኝ።

"ሌላ ጊዜስ ከየት ነው የሚነፍሰው?"

"ከጮቄ።"

አዲስ አበባ ይበርዳል ስንል ቀልደናል ወገኖቼ። እዚህ ጠዋት ጣቶቼ እንጨት ይሆናሉ። ሰላምታውም ሌላ ነው፤ እኛ "እንደምን አደርሽ" ብለን እናልፋለን፣ እነሱ ከሰው ጀምረው ላሚቱንም ጥጃዋንም ሳይጠይቁ አይለቁሽም። የገብሱ ዳቦ ጥሩ ነው፤ ግን የዳቦ ቤታችን ዳቦ ሽታ በሕልሜ ይመጣብኛል።

የቁስል አዋቂ መጣች የሚለው ወሬ ጫካ ገባ። ከአርበኞቹ የቆሰለውን እየተሸከሙ ያመጡብኝ ጀመር። በወሩ "ብቻዬን አልችልም!" ብዬ ጮህኩ።

"አስተምሪያ" አሉ የኔታ።

"ማንን?"

"እኔን።"

አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ እግራቸው ሥር ያስቀመጡ ሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከእኔ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሦስት ሴቶችም መጡ። አንዷ እትዬ አበሩ ናት፤ የቄስ ልጅ፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ማንበብ የማታውቅ፣ ውዳሴ ማርያምን ግን አባቷ ሲደግሙ ሰምታ በቃሏ የያዘች። አንቱ ስላት "አታስረጂኝ" ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ። ጉጠቱን በአረቄ ሳጥብ የኔታ "ለብረት ከማጠጣትሽ በፊት ለሰው አቅምሺ" እያሉ ያስቁን ነበር።

"ፋሻው ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል" አልኳቸው።

"ግማሽ ሰዓት ምን ያህል ነው?" አለች እትዬ አበሩ።

ሰዓቴ ሞታለች። የኔታ ናቸው መላውን ያመጡት፦ ውዳሴ ማርያም ለየቀኑ የራሱ ክፍል አለውና የዕለቱ ሦስት ጊዜ ይደገም። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ቀስ ብለው ሲደግሙት በግምቴ በቃ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ዞሬም አላየሁት።

የእትዬ አበሩ ታናሽ ወንድም አያሌው ጭኑን ተመትቶ መጣ። ማሰሩን ለእሷ ሰጠኋት። ቁስሉ ይደርቅና ደግሞ መግል ይይዛል፣ ይደርቅና ይይዛል። በመጨረሻ እግሩ ሲያብጥ ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ምላሴ ይቀድመኛል።

"እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የምታስሪው!" አልኳት በሰው ሁሉ ፊት። "ይኼ እግር ቢቆረጥ በአንቺ ነው!"

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እግር መቁረጥ እንኳ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሐኪም በአገሩ የለም፤ እሷም ይኼን ታውቃለች።

ደግሞ አትመጣም ብዬ ነበር። በየቀኑ መጣች፤ ፋሻ ፈታች፣ አሰረች፣ እኔን ግን አታነጋግረኝም። በሳምንቱ የኔታን ይዛ ፊቴ ቆመች።

"ረቡዕ ስንፈታው ነው መግል የምናገኘው" አለች። "የጾም ቀን ስለሆነ አልስተውም። ረቡዕ የሚፈታው ማክሰኞ የታሰረው ነው፤ ማክሰኞ የታሰረው ሰኞ የተቀቀለው ነው።"

"ሰኞ ምን አለው?"

"ዝም ብለሽ ስሚ። የኔታ፣ እርስዎ የሐሙስን ይበሉ፣ እኔ የሰኞን።"

እኩል ጀመሩ። በአንድ ዓይነት እርጋታ ይሄዳሉ። እሷ ጨረሰችና አፏን ዘግታ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። የኔታ ገና ይላሉ። ገና። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የሰኞው አጭር ነው፤ ሰኞ ሰኞ ፋሻውን ጥሬውን እያወጣን ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሲደግሙት የኖሩት የኔታ ራሳቸው ከድስት ጋር አላገናኙትም።

በሰው ፊት እንደሰደብኳት በሰው ፊት ጉልበቷን ሳምኩ።

"ተነሺ" አለችኝ። "አስተማሪ ካልጮኸ ማን ይሰማዋል? ሁለተኛ ብትጮሂብኝ ግን በማማሰያው ነው የምልሽ።"

የኔታ ደግሞ ተጨነቁ፤ የሐሙስን በሰኞ መድገም ሥርዓት አይደለም። አድረው መጡና "ለእመቤታችን የዕለት የዕለቱን እናደርሳለን" አሉ፤ "ለእሳቱ ግን የሐሙሱን ልክ በልባችን እንይዛለን። ድስት ቀን አያውቅም።"

አያሌው አሁን ያነክሳል፣ ግን በሁለት እግሩ ነው የሚያነክሰው። ሐኪም ቤት ሳለሁ ስንት ሰው አዳንኩ እያልኩ እኩራራ ነበር፤ እኔ ያላየሁትን ተማሪዬ ቆማ ስታሳየኝ የተሰማኝን ግን እዚያ አንድም ቀን አላገኘሁትም። ዛሬ እትዬ አበሩ ወደ ደብረ ኤልያስ በኩል ወርዳ ሌሎች ሴቶችን ታስተምራለች፤ እጃቸውን ያልታጠቡትን ከእኔ ብሳ ነው የምትጮህባቸው አሉ።

ባለፈው ወደ ሸዋ የሚወርድ ነጋዴ ለእናቴ ቃል እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። ወረቀት ኬላ ላይ ያስይዛል፣ በቃሉ ያዘው።

"ደህና ናት፣ ተማሪዎች አሏት፣ ናፍቀሻታል በልልኝ" አልኩት።

"ደህና ናት፣ ተማሪዎች አሏት" አለ።

"ድገመው።"

"ደህና ናት፣ ተማሪዎች አሏት።"

ናፍቆቱን ሁለቱንም ጊዜ ዘለለው። አላረምኩትም። ከናፈቅኋት ለምን አትመጣም ብላ ብትይዘው ምን ይላታል? ጭነቱን አጠበቀና ሄደ።