ቨርነንና ሦስተኛው ጠርሙስ

ባለቤቴ ቨርነን ኩንክል ሁለት ነገር አይወድም፤ ወሬና ቆሻሻ። አልቱና ከተማ ባለው የባቡር መጠገኛ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የፍሬን ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታና ቤቱን ያምሰው ጀመር። የበር ማጠፊያ ፈታ፣ የዳቦ መጥበሻዬን ፈታ፣ በመጨረሻም ሰዓት መፍታት ለመደ። አንድ ቅዳሜ ድንች እንዲገዛ ብልከው፣ የአንድ ሟች ሰዓት ጠጋኝ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ አግኝቶ፣ በዕድሜ እኔን የሚያክል የሰዓት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ታቅፎ መጣ።

«ድንቹስ?» አልኩት።

«አልነበረም።»

እንግዲህ ያን ቀን በመላው ፔንሲልቬንያ ድንች ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

ማሽኑን ያስቀመጠው ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያዬ ጎን ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ በቋሚ ብረት ላይ የተሰቀለ ሞተር፣ ከሥሩ ሦስት ጠርሙሶችና አንድ ማድረቂያ። የተፈታው የሰዓት ዕቃ በትንሽ የሽቦ ቅርጫት ተደርጎ ሞተሩ ላይ ይንጠለጠላል። በመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ እየተሽከረከረ ይታጠባል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይለቀለቃል፣ ከዚያ ሙቀት ላይ ይደርቃል። ሽታው ግን አይጣል ነው። አንሶላዎቼ ነዳጅ ማደያ ያደሩ ይመስል ነበር። ተጣላን፣ ተኮራረፍን፣ መስኮቱን ሊከፍት ቃል ገባና ታረቅን።

ያልታረቀው ከወንድሙ ጋር ነው። አባታቸው የባቡር ነጂ ነበሩ፤ ሲሞቱ የኪስ ሰዓታቸው ለታላቁ ለሬይፎርድ ደረሰ። በቀብሩ ዕለት፣ ገና የሐዘንተኛው ምግብ ሳይነሳ፣ ቨርነን «መሳቢያ ውስጥ ከምትቀብረው ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ አስኬደዋለሁ» አለው። ሬይፎርድም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ? አንተማ ትፈታና ታበላሸዋለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ያልፈታኸው፣ ፈትተህም የመለስከው ነገር የለም» ብሎ መለሰለት። በዚያው ቀሩ። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ አንዱ ገበያ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ስንት ጊዜ ለመንኩት! ሁለቱም የአባታቸው ልጆች ናቸው፤ ግትርነቱን እኩል ተካፍለውታል።

ታዲያ በዚህ ክረምት የሬይፎርድ ልጅ ሮክሳን በራችንን አንኳኳች። የአባቷ ልብ መድከሙን፣ ሐኪሞቹም ቤቱ ይሁን ብለው መሸኘታቸውን ሰምተን ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ሰዓቱን ከኪሷ አወጣች።

«አጎቴ፣ አባዬ ልኮኝ ነው። ‹ለቨርነን ስጪው፣ ያስኪደው› ብሏል።»

«ሌላስ ምን አለ?» አላት ቨርነን።

«ሌላ ምንም። ታውቀው የለ።»

ቨርነን ሰዓቱን በሁለት እጁ ተቀበለና ወደ ምድር ቤት ወረደ። አፍንጫውን ሲናፈጥ ከላይ ሰማሁት። ዕርቁ በዚያች የኪስ ሰዓት ላይ እንደተንጠለጠለ ለእኔም ለእሱም ግልጽ ነበር፤ ብትሄድ ወንድሙን ያገኛል፣ ብትበላሽ ሬይፎርድ ያን ክፉ ቃሉን እውነት አድርጎ ይዞት ይሞታል።

ሳምንቱን ሙሉ እንደ ቄስ ተጠንቅቆ ሠራ፤ ማጠብና መግጠም ብቻ ቀረው። የማለቅለቂያው ፈሳሽ አልቆበት ስለነበር ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ አልኮል ጨመረ። አልኮል ቶሎ ይደርቃል፤ አንድ ጠንቅ ግን አለው። ሰዓት ውስጥ ሹካ የሚሏት ትንሽ ብረት አለች፤ የጥርሳሙን መዘውር ጥርሶች አንድ በአንድ እየያዘች የምትለቀው፣ ያ ቺክ ቺክ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ጫፎቿ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ ሁለት ቀይ ድንጋዮች በሙጫ ተጣብቀዋል። ያን ሙጫ አልኮል ያሟሟዋል። ይህን ሰዓት የሚፈታ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ እንኳ ካልሲ እያጣጠፍኩ ሲያወራ ሰምቼ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ቨርነን ሹካዋን ሁልጊዜ በጠርሙስ ክዳን ላይ ለብቻዋ ያስቀምጣታል።

እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ስንለባብስ ስልክ ጮኸ። ሮክሳን ናት። «ሌሊቱን ከፍቶበት ነበር» አለችኝ። «የኪስ ሰዓቱን እየጠየቀ ነው። ዛሬ ብትመጡ ይሻላል፣ አክስቴ።» ለቨርነን ስነግረው ከረባቱን ግማሽ አስሮ ደረጃውን ሮጦ ወረደ። ያ ሰው ሮጦ አያውቅም።

የሞተሩን ድምፅ ከላይ አዳምጥ ነበር። አንደኛው ጠርሙስ ዘመረ፣ ቆመ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ከዚያ ማድረቂያው መቀጠል ሲገባው ዝም አለ። ጠበቅኩ፣ አሁንም ዝም ነው። ወረድኩ። ቅርጫቱን በእጁ እንደያዘ ቆሞ አገኘሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?»

«ሹካዋን አብሬ ከተትኳት።»

የጠርሙሱን ክዳን አየሁት፤ ባዶ ነው። ሹካዋን በወረንጦ አንስቶ አሳየኝ። አንደኛው ድንጋይ ተንጋዶ ቀርቷል፣ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። በቅርጫቱ ቀዳዳ ሾልኮ አልኮሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ወይም ሲሽከረከር ተስፈንጥሮ አንዱ ጥግ ወድቋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመውን እንኳ በዓይናችን ማየት አንችልም ነበር።

የእሑድ ስቶኪንጌን፣ ያን ስሱን ረጅም ካልሲዬን፣ አወለቅኩና በሳህን ላይ ወጠርኩት። ቨርነን አልኮሉን በቀስታ ገለበጠው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አጎነበሰ።

«ኢርማ፣ አትተንፍሺ፤ ታበሪዋለሽ።»

«ካልተነፈስኩ እሞታለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አንድ ሬሳ ይበቃ...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። እሱም አልሰማሁም ብሎ አለፈኝ።

ስቶኪንጉ ላይ የለም። ሁለተኛውን ጠርሙስ አጠለልን፣ የለም። ወለሉን በጉልበታችን ዳሰስን፣ የጨርቅ ቅንጣት ሁሉ ድንጋይ እየመሰለን። ጊዜው ይሮጣል፣ ሬይፎርድ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ወለል እንልሳለን። በመጨረሻ ቨርነን ሦስተኛውን ጠርሙስ ወደ አምፖሉ አቅንቶ ሲያዞረው፣ ታችኛው ጥግ ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ተጣብቃ አየሁ። ጮህኩ። እሱ ግን አልጮኸም፤ ድንጋዩን አወጣና ለማጣበቅ ሙጫውን የሚያሞቅባትን ትንሽ ፋኖስ ስቦ ክብሪት አነሳ።

ያ ሁሉ አልኮል በሳህን፣ በስቶኪንግ፣ በጠረጴዛው ላይ ፈስሶ!

እጁን በጥፊ መታሁት፤ ክብሪቱ ወለል ላይ ተበተነ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ቤቱን በላያችን ልታቃጥል ነው?»

እጁን አየው። ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ «ሬይፎርድ እውነቱን ነው። አበላሻለሁ» አለ። በአርባ ዓመት ትዳር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው። ስለዚህም ነው ክፉ ምክር የመከርኩት።

«መሳቢያህ ውስጥ የአባትህን የመሰለች ሌላ የምትሠራ ሰዓት የለችህም? ሆድ ዕቃዋን አውጣና በአባትህ ሰዓት ቅርፊት ውስጥ ክተተው። በጆሮው ይሰማል፣ ደስ ይለዋል፣ አለቀ። ምን ያውቃል?»

ቨርነን ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ። ሰዓቷን አወጣ፣ ጀርባዋን ፈታ። ቺክ ቺክ ትላለች። ውስጧ የተቀረጸውን ቁጥር በጣቱ ነካ።

«አባታችን ቁጥሩን በቃል አስጠንተውናል» አለኝ። «ብትሰረቅ ብለው፣ እንደ ጸሎት። ሬይፎርድ ጀርባውን ከፍቶ ቁጥሩን ያየዋል።»

«በዚህ ሁኔታው?»

«ሬይፎርድ ነው እኮ።» ክዳኗን መለሰና መሳቢያውን ዘጋው። «ደግሞ ባያየውስ? አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሌላ ሰው ሰዓት ሲያዳምጥ ልየው?»

የአባቱን ሰዓት ዕቃ፣ ድንጋዩን ጨምሮ፣ በከረሜላ ቆርቆሮ አደረገና ሄድን። መንገዱ በረዶ ነበር፤ እኔ ነዳሁ፣ እሱ ቆርቆሮውን በጭኑ እንዳቀፈ ደረስን።

ሬይፎርድ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ አልጋ ላይ ነው፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። ግማሹ ሰውነቱ ሄዷል፤ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሠራ?»

«አልሠራም» አለ ቨርነን።

«ምን አደረግኸው?»

«ሹካዋን አልኮል ውስጥ ከተትኳት። አንደኛው ድንጋይ ወለቀ። ስቸኩል ነው።»

ሮክሳን ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ምላሴን ስዬ ጠበቅኩ፤ ያችን «ታበላሸዋለህ» የምትል ቃል ቢደግማት፣ ታማሚም ይሁን ምንም፣ ልክ ልኩን ልነግረው ቆርጬ ነበር። ሬይፎርድ እጁን ዘረጋ። ቨርነን ቆርቆሮውን ሰጠው። ክዳኑን ለመክፈት ጣቱ አቃተውና ቨርነን ጎንበስ ብሎ ከፈተለት። ራስ ለራስ ተጠጋግተው ዕቃውን አዩ።

«ድንጋዩስ?»

«ይኸውና። አልጠፋም።»

«ለማጣበቅ ስንት ቀን ይፈልጋል?»

«ተጠንቅቄ ከሠራሁ ለሐሙስ ይደርሳል።»

ሬይፎርድ ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ፣ ቆርቆሮውንም መለሰለት።

«እንግዲያው ሐሙስም ትመጣለህ ማለት ነው።»

«እመጣለሁ።»

ወንድሙ በጣቱ ወንበሩን አሳየው። ቨርነን ስቦ ተቀመጠ።

«ታዲያ» አለው ሬይፎርድ፣ «አትቸኩል።»