የወይራው እስክሪብቶ ጫፍ

ልጄ ከሁለት የወይራ እንጨት ቁራጮች የሠራውን እስክሪብቶ አምጥቶ አሳየኝ። ሁለቱ ቁራጮች በሚገናኙበት ቦታ የነበረውን ክፍተት በኮላና በሰጋቱራ ሞልቶታል።

«ማን ያየዋል አባዬ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ይህንኑ ቃል በደርግ ጊዜ፣ አሰላ ውስጥ፣ ከጋሽ ሁሴን ዘንድ በቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ መሥራት ስማር ሰምቼዋለሁ። ቀበሌው ለአብዮት በዓል እንግዶች የሚሰጥ የወይራ እስክሪብቶ አዞን ነበር። ጋሽ ሁሴን ቁራጩን ቶርኖው ላይ ከማሰራቸው በፊት ጫፉን በሞረድ ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ አስጠግተው ወደ መስኮቱ ያነሱታል። በመካከል ብርሃን ሾልኮ ከታያቸው እንደገና ይሞርዳሉ። ቤቱ በወይራ ሽታ ይታፈናል።

በበዓሉ ዋዜማ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ።

«አንተ፣ እስካሁን ጫፍ ትሞርዳለህ? ኮላ ሙላበትና ጨርስ! ማን ያየዋል?»

«የሚጽፍበት ሰው ያየዋል፣ ጓድ። እጁ ላይ ይላቀቅበታል።»

«ይሄ አሻጥር ነው!»

«አሻጥርስ አሁን እርስዎ ያዘዙኝ ነው» አሉ ጋሽ ሁሴን፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ።

ሊቀ መንበሩ እዚያው አሳሰራቸው። የቀረውን ሌላ ሰው በኮላ አጣብቆ አደረሰ፤ በማግስቱ አደባባይ ላይ ተጨበጨበለት። ጋሽ ሁሴን ጭብጨባውን በቀበሌው እስር ቤት ሆነው ሰሙት።

ይህን ለልጄ ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ተጠቀሙ?» አለኝ።

ጥያቄው አናደደኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ለሁለት ሰበርኩት።

«እንደገና ጀምር» አልኩት።