ጥንቸሎቹ የታረቁበት ክፍል

ወንድሜን ከአልዱባ ገበያ ሲመለስ የቀበሌ ታጣቂዎች አፈሱት። በረባሶውን እንዳደረገ በወይጦ መንገድ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ወሰዱት፤ አልተሰናበተንም። እናቴ ክፍሉን በዚያው ቀን ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዋን ትገባና ለበዓል የሚያደርጋቸውን ቡኒ ጫማዎቹን ቀለም ቀብታ፣ ወልውላ ትወጣለች። ሲመጣ አቧራ ለብሰው እንዳያገኛቸው ነው።

ሌላው የተወልን ነገር ሁለት ሴት ጥንቸሎች ነበሩ። እኛ ከመሀል አገር ጂንካ የገባን ነጋዴዎች ነን፤ ጥንቸል አንበላም። ስለዚህ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። "የማይበላ፣ የማይታለብ፣ ሌባ ቢመጣ የማይጮህ! ምን ይሠራላችኋል?" ይሉናል። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አይሠሩልንም። ወንድሜ ወደዳቸው፣ አለቀ።

አንዷን ውሻ በላት። የቀረችው አፏን ዘጋች። ጎመን ብንሰጣት፣ የስኳር ድንች ቅጠል ብናቀርብላት ጀርባዋን ሰጥታን ትቀመጣለች። እናቴ ይህን እያየች አንድ ሐሳብ ያዘች፤ ያንን ሐሳብ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። "ይቺ ከሞተች ልጄም የለም ማለት ነው" አለች። አባቴ "ኧረ በማርያም፣ እንዲህ አትበይ" ቢላት አልሰማችውም። የወንድሜ ወሬ ከጠፋ ቆይቶ ነበርና እኔም ሳላምንበት ፈራሁ።

ከወላይታ የመጡ አናጺ ጎረቤት ነበሩን። ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ጥንቸል ያረባሉ፣ ይበላሉም። ጓደኛ ብታገኝ ትበላ ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው አንዲት ግራጫ ሴት ጥንቸል ሰጡኝና "አልስማማ ካሉ መልሰሽ አምጪ፤ እኛ ቤት ድስት ውስጥ ሁሉም ይስማማል" አሉኝ።

እንግዳ ቤት ድረስ ገብቶ ነው የሚስተናገደው ብዬ ግራጫዋን በቀጥታ የእኛይቱ ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። ልትሞት ነው ያልናት ጥንቸል ተወርውራ ተናነቀቻት። ፀጉር በነነ። ሳገላግል እኔም ተነከስኩ። እንግዲህ ሣጥኑን መሀል ለመሀል በሽቦ ከፈልኩት። የአንዷን መኝታ ሣር ለሌላዋ እያነጠፍኩ ጠረናቸውን አለማመድኩ። ቅጠሉንም ሽቦው ሥር አደርጋለሁ። ግራጫዋ ስትበላ እያየች የእኛይቱም አንዳንድ ቅጠል መቆርጠም ጀመረች። ሽቦውን ሳነሳ ግን እንደገና ጠብ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የእኛይቱ ምግቡን ጭራሽ ተወችው።

ቆይቶ ገባኝ፤ ሣጥኑ ቤቷ ነው፣ ቤቷን አታስነካም። ሁለቱም "የኔ ነው" የማይሉት ቦታ ያስፈልጋል። ሱቁ ሰው አይጠፋበትም፣ ግቢው የውሻ ነው። ጥንቸል ረግጦት የማያውቅ አንድ ቦታ ብቻ ነበረን።

"እማዬ፣ የእሱ ክፍል" አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ጥንቸሏን አየቻት፣ አጥንቷ ተቆጥሯል። ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች።

ክፍሉ የጫማ ቀለም ይሸታል። ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፌ ቅጠል በተንኩና ሁለቱንም ለቀቅኳቸው። መጥረጊያ ይዤ መሀላቸው ቆምኩ። ተሸታተቱ። ግራጫዋ ትንሽ አባረረቻት፤ በመጥረጊያው ከለከልኳት። በኋላ የእኛይቱ ራሷን ዝቅ አድርጋ ተኛች፤ ግራጫዋም ቀርባ ግንባሯን ትልስላት ጀመር። ጎን ለጎን ሆነው ቅጠሉን በሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

በእናቴ ቃል ከሆነ ወንድሜ አለ ማለት ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ግን ፊቷ ላይ ደስታ የለም። የምታየው ጥንቸሎቹን ሳይሆን የተነጠፈውን ባዶ አልጋ ነው።

ጥንቸሎቹ አልጋው ሥር ገቡና የመቆርጠም ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ስል ቡኒውን ጫማ ከሁለት ወገን ይዘውታል። ልነጥቃቸው ተንደረደርኩ።

"ተያቸው" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ጫማው እኮ ነው!"

"ይብሉት።"

ከክፍሉ ወጥታ ሱቅ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ቅዳሜ ሲመጣ ቀለሙንም ብሩሹንም አላወጣችም።