በወረዳው ቦታ የገባ የአባት ስም

አባቴን ደብረ ኤልያስ ቀብሬ ደብረ ማርቆስ በተመለስኩ ማግስት «ሲ» በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የፕሮግራሚንግ ድጋሚ ፈተና ነበረኝ። ፈታኙ እኔ፣ ተፈታኙ አንድ ተማሪ። የማስተምርበት ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ቀኑን እናራዝመው ብሎኝ ነበር፤ ቤት ተቀምጬ ምን እንደምሠራ ስላላወቅሁ ጥቁር ሸሚዜን ለብሼ ሄድኩ።

ተማሪው ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ዲያቆን ነበር። ይህን ፈተና ከወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል። ሁለት ጓደኞቹ እስከ በሩ ሸኙትና አንደኛው፣ «የኔታ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ ካለህ ጠበል እርጨው» ብሎ ቀለደበት። እሱ አልሳቀም።

ጥያቄው አጭር ነው፦ የአንድን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ቀጥሎ ወረዳውን ተቀብሎ ሁሉንም በአንድ መስመር የሚያትም ፕሮግራም። በእኔ ክፍል ማንኛውም ፕሮግራም መጀመሪያ በሠሪው ስም ይሞከራል። ልጁም ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ፕሮግራሙ ወረዳውን ጠየቀ፤ መልስ ሳይጠብቅም ጨረሰ። በወረዳው ቦታ የአባቱ ስም ተቀምጧል።

ምክንያቱን በክፍል ሦስት ጊዜ አስረድቼ ነበር። በሲ ቋንቋ፣ ቃል ማለት የሳጥኖች ረድፍ ነው፤ በየሳጥኑ አንድ ፊደል፣ ከመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ «እዚህ አለቀ» የሚል ዜሮ። «ስካንኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ግን ክፍት ቦታ ሲያገኝ ያቆማል። የቀረው አይጠፋም፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ሲከፈት ቀድሞ ይገባል።

«መምህር፣ የአባቴ ስም የት ሄደ?» አለኝ።

ፈተና ላይ እንደሆነ ነገርኩት። ስክሪኑን የማይመለከተውን ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው አየሁት፤ ምንም አልተሰማኝም።

እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። በአብነት ትምህርት ቤት በቃሉ ያጠናውን ለመምህሩ ሲያሰማ የተሳሳተ ተማሪ ስህተቱ የት እንደሆነ አይነገረውም፤ ከመጀመሪያው ጀምር ይባላል። ልጁም ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጎ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፣ ቅንፉን ሳይቀር በለሆሳስ ማንበብ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ጨረሰ። በሦስተኛው ንባብ «ስካንኤፍ» ላይ ጣቱ ቆመ።

መስመሩን እስከ እንተር፣ ማለትም መስመር እስከሚያስወርደው ቁልፍ ድረስ በሙሉ በሚያነበው በ«ኤፍጌትስ» ለወጠው። አሁን ስሙ ከነአባቱ ገባ፤ ግን እንተሩም አብሮ ገብቶ ወረዳው ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ። ዜሮው የሚገባበትን ሳጥን አውቀዋለሁ፤ በጣቴ ባሳየው ያበቃ ነበር። እጆቼ ጭኔ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ይለፍ ብዬ እንኳ አልተመኘሁም።

ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በእንተሩ ቦታ ዜሮ አስገባና አስኬደው። ስም፣ የአባት ስም፣ ወረዳ፣ በአንድ መስመር። «አልፏል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ፊርማዬን እስክጨርስ እያየ ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«መምህር፣ ሐዘንዎን ሰምቻለሁ። ቀድሜ ብናገር ማርክ የምለምን እንዳይመስል ብዬ ነው ዝም ያልኩ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አሜን ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ለስሙ የሰጠኸው ሳጥን አርባ ብቻ ነው» አልኩት። «በጣም ረጅም ስም ከመጣ ይቆረጣል።»

«እሺ መምህር» አለና ጎንበስ ብሎ ወጣ። ከደጅ የጓደኞቹ ሳቅ ተሰማ። እኔ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ወረቀቱን ወደ ሬጅስትራር ይዤ ሄድኩ።