የቡላ ላስቲክና የመርካቶዋ ቃጫ ሻጭ

የመመረቂያ ሥራዬ የቡና ችግኝ የሚተከልበት፣ በኋላ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ላስቲክ መሥራት ነበር። ቡላውን በውሃና ከፋርማሲ በገዛሁት ግሊሰሪን አፍልቼ፣ የእንሰት ቃጫ እጨምርበትና ትሪ ላይ በስሱ አደርቀዋለሁ። ሲደርቅ ያምራል። ከረጢት አድርጌ እርጥብ አፈር ስሞላው ግን ቃጫው ከቡላው ሹልክ ይልና አፈሩ ጫማዬ ላይ ይዘረገፋል። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ያልተቀደደ ከረጢት አንድም አልነበረኝም። ከረጢቱ ካልያዘ ደግሞ ምርቃት የለም።

ቃጫውን የምገዛው በከተማችን መርካቶ ከሚሸጡ አንዲት እናት ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ አፍሬ "ለገላ መታጠቢያ" ብያቸው ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ስመጣ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ "የዚች ልጅ ቆዳ አላለቀም እንዴ?" አሉ። ተራው በሙሉ ሳቀ። ፊቴ እየጋለ እውነቱን አወጣሁት።

"እማማ፣ ላስቲክ እየሠራሁበት ነው። ከቡላ።"

"ማሎ፣ ምን ጉድ ነው! ከሚበላው?"

"አዎ። ቃጫው ግን አልይዝ አለኝ፤ ይሾልካል።"

"ሳትቀቅዪው ነዋ! እኛ ቀለም ስንነክረው መጀመሪያ በአመድ ውሃ እንቀቅለዋለን። ያለዚያ ምኑን ይይዛል? እዚያ ትምህርት ቤታችሁ አመድ የለም?"

አመድ አልነበረም። ያነበብኩት ጽሑፍም ቃጫው እንደ አመድ ውሃ በሚያጸዳው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠብ ይላል፤ ሶዳው ከቤተ ሙከራ አልቆ ስለነበር "ምን ያመጣል" ብዬ ዘልዬዋለሁ። እኔ፣ በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ የምፈትሸው ሰው! ጊንጆ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከምድጃ አመድ ዛቅኩና ቃጫውን ቀቅዬ አዲስ ከረጢት ሠራሁበት።

በፈተናው ቀን ፈታኙ አፈር የሞላውን ከረጢት አንስተው አወዛወዙት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጫማቸው ላይ ምንም አልወደቀም።

"የአመዱን ዘዴ ከየት አገኘሽው?"

"ከ… መርካቶ። ቃጫ ከሚሸጡ እናት።"

"ታዲያ ስማቸው ከምንጮቹ መካከል የት አለ? ሳይገባ አልፈርምም።"

ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

"ስሜን? ለምን? ግብር ልታስጥዪብኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም እማማ! የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ላስገባው ነው።"

ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው ከነአባቴ ጻፊው። ከሥሩም የት እንደምሸጥ ጨምሪበት" አሉኝ።

ጨመርኩበት። ፈታኙ ሁለት ጊዜ አነበቡትና ፈረሙ።