አሰብ ላይ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ከበሮ

ኮምቦልቻ፣ ጥር፣ ንጋት ላይ

ጎህ ሳይቀድ የሾፌሩ የሁሴን ጭነት መኪና ጋቢና ላይ ወጣሁ። ወጣሁ ማለቴም ጉራ ነው፤ ሁሴን ከታች ባይገፋኝ ይህ ማስታወሻ እዚሁ ባለቀ ነበር። ባለቤቴ ጥሩነሽ ከበሩ ቆማ፣ "ለወገብህ ብለህ ነው የምትሄደው። ባሕሩ ውስጥ በደንብ ተዘፍዝፈህ ና!" አለችኝ። የአሰብ ባሕር ለወገብ ፍቱን ነው ያለኝ ሰው አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የነገሩኝን ሁሉ አምናለሁ።

ከባቲ እስከ ቡሬ

ባቲ ላይ ኮቴን አወለቅኩ፤ ሚሌ ላይ ሹራቤን። ሎግያ ስንደርስ የቀረኝ ጨዋነቴ ብቻ ነው። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ያለውን የመኪናውን ክሩስኮት በጣቶቼ እየደበደብኩ፣ በወጣትነቴ የሰፈራችንን ሠርግ ሁሉ በከበሮ ያደመቅኩት እኔ መሆኔን ለሁሴን ሳወራ ዋልኩ።

"ጋሼ፣ የሞተሩ ድምፅ ጠፋኝ እኮ!" ይለኛል።

ቡሬ፣ የድንበር ኬላ። ትናንት አገሬ የነበረው ዛሬ ውጭ አገር ነው። በሰባ ዓመቴ ውጭ አገር ወጣሁ፤ ያውም የበሬ ቆዳ ጭነት ከኋላዬ አስከትዬ።

አሰብ፣ ከሰዓት በኋላ

ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። የጭነቱ ተቀባይ ሐጂ ዑስማን ልጃቸውን ይድሩ ስለነበር እኛንም ጠሩን። ግቢው ከባሕሩ ዳር ነው። ምንጣፍ፣ ከመሐል ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሾፌሮች፣ የወደብ ሠራተኞች፣ ከበይሉል የመጡ የአፋር ሽማግሌዎች።

የካይሮ ተወላጅ የሆነች ሰሚራ የምትባል የሆድ ዳንስ ጨፋሪ ከጂቡቲ በጀልባ አስመጥተዋል። ችግሩ፣ ከበሮ መቺዋን ባሕሩ አዙሮት ክፍል ውስጥ ባልዲ ታቅፎ ተኝቷል። ያለ ከበሮ አልጨፍርም አለች። ሐጂ ስለ ጨፋሪዋ ለአሰብ ሰው ሁሉ ሲያወሩ ከርመዋልና ፊታቸው አመድ መሰለ።

"በልጄ ሠርግ ልዋረድ?"

ሁሴን ብድግ አለ። "ሐጂ፣ ከበሮ መቺ አለ!" ጣቱ ወደ እኔ።

"ዝም በል አንተ!"

"ጋሼ፣ ክሩስኮቴን ሲወቅጡት የመጡት ማን ነው?"

ያመጡልኝ የታማሚው ከበሮ ትንሽ ነው፤ ወገቡ የቀጠነ። እኔ ሆዬ የአንገቴን ፎጣ ፈትቼ አሰርኩበትና፣ እንደ አገሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆምኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሰሚራ ግን አልሳቀችም። አወለቀችልኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ጭኔ ላይ አጋደመችልኝ።

ጀመርኩ። በእኛ ሠርግ የከበሮ መቺ ሥራው ትከሻ እስኪገነጠል ማጣደፍ ነው። አጣደፍኩ። ሰሚራ ጭፈራዋን አቋረጠች። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰሚራ ቀረብ ብላ ሆዷን በመዳፏ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችና የሆነ ነገር አለችኝ።

"ሆዴን ተከተል ነው የምትልዎት፣" አለ ዓረብኛ የሚያውቀው ሁሴን።

"ጥሩነሽ ብትሰማ!"

"እኔው እነግርብዎታለሁ፤ ይምቱ!"

ተከተልኩ። እንዴት ልንገራችሁ? ትከሻዋ ንቅንቅ አይልም። እኔ ደግሞ ትከሻ ሲጨፍር እያየሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሆድ ለእኔ ምግብ የሚገባበት፣ ቂም የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ከእምብርቷ አንድ ማዕበል ተነስቶ ወገቧን ዞሮ ተመለሰ፤ ከኋላዋ ባሕሩም እንደዚያው። የመቀነቷ ሳንቲሞች ሲንሿሿ እመታለሁ፤ ዝም ሲሉ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ዝም ማለትም ምት ኖሯል! ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሐጂ እንደ ሙሽራ ያጨበጭባሉ። ፊቱ ቅጠል የመሰለው ከበሮ መቺም በመስኮት ብቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ወገቤን፣ ዕድሜዬን፣ ሁሉን ረሳሁ። ባሕሩንም ጭምር፤ እግሬን እንኳ ሳልነክርበት ተመለስኩ።

ኮምቦልቻ፣ ቤት

"ወገብህስ?" አለች ጥሩነሽ።

"በጣም ጥሩ ወገብ ነው፣" ብዬ እራቴን መብላት ጀመርኩ። ጣቶቼ ግን አላረፉም፤ ጠረጴዛውን ቀስ እያሉ ይመታሉ፣ ይጠብቃሉ።

ጥሩነሽ ሰምታ ሰምታ፣ "ድሮ አንተ ከበሮ ስትይዝ እኮ አጣድፈህ ትገድለን ነበር። እንዲህ ቀስ ማለት የት ተማርክ?" አለችኝ።

ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ነቅነቅ ሲል አይቼ ነበርና፣ እሱን ተከተልኩ።